የኢስሐቅ ሁለተኛ ዓይን

ኢስሐቅ ካርዱን በመስኮቱ ሲያቀብል ልቡ ሙሉ ነበር። አምና በታኅሣሥ ይችኑ ካርድ በዚሁ በደሴው ሆስፒታል መስኮት አቀብሎ፣ አልጋ ይዞ፣ የግራ ዓይኑን ሞራ አስገፍፎ በስምንተኛው ቀን ወደ ኮምቦልቻ ወርዷል። ያኔ በዓመት አንዴ ከአዲስ አበባ የሚመጣው የዓይን ሐኪም፣ «የግራው የድሮ ጠባሳ አለበት፤ መንገድ ያሳይሃል እንጂ ጥቃቅን ነገር አያስለይህም። ተስፋህ ያለው በቀኙ ነው፤ እሱ ግን ገና አልበሰለም። የዛሬ ዓመት ስመለስ ና» ብሎት ነበር። አሁን ጥር 1968 ነው፤ ሐኪሙም ተመልሷል፣ የቀኝ ዓይኑም በስሏል፤ ጭራሽ ወተት የተደፋበት መስሏል።

ጸሐፊው ካርዱን አገላብጦ አየው።

«አባቴ፣ ይህ የኢንሹራንስ ኩባንያ እኮ የለም። ከተወረሰ ዓመት አልፎታል።»

«ኩባንያው ባይኖር ዓይኔ አለ» አለ ኢስሐቅ።

«ዓይንዎማ አለ» አለ ጸሐፊው፤ ክፉ ሰው አልነበረም። «ግን በዚህ ካርድ ልመዘግብዎ አልችልም። ወይ ከመሥሪያ ቤትዎ የዋስትና ደብዳቤ፣ ወይ ከቀበሌዎ የነፃ ሕክምና ወረቀት ያምጡ። ደግሞ ይፍጠኑ፤ ሐኪሙ የሚቆየው ከዛሬ ጀምሮ አሥራ ሦስት ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ይመለስ አይመለስ እኛም አናውቅም።»

ኢስሐቅ ኮምቦልቻ ውስጥ በሐጂ አብዱልወሀብ የቆዳ መጋዘን ሠላሳ አንድ ዓመት ቆዳና ሌጦ መርጧል። አንዱን ሌጦ ወደ ብርሃኑ ዘርግቶ፣ ቢላ የነካውን፣ መዥገር የበሳውን፣ ጨው ሸሽቶት የበሰበሰውን በአንድ እይታ ለይቶ፣ «አንደኛ»፣ «ሁለተኛ»፣ «ውዳቂ» እያለ ይወረውር ነበር። እሱ አንደኛ ያለውን ሌጦ ምጽዋም ሆነ አሰብ ላይ የሚመልስ ገዢ አልነበረም። አሁን ግን በጣቱ እየዳበሰ ነው የሚሠራው። ባለፈው ሳምንት ሁለት ቦታ የተቀደደ ሌጦ አንደኛ ብሎ ሲወረውር ሠራተኛው ሁሉ አይቶ ዝም አለው። ያ ዝምታ ከስድብ የበለጠ አንገበገበው። መጋዘኑ በየካቲት 1967 ከተወረሰ ወዲህ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ የተሾመው ሞላ እንኳ፣ «ጋሽ ኢስሐቅ፣ ካስቸገረዎ ወደ ጥበቃ እናዛውርዎ» ብሎት ነበር። ሞላ ይህን ያለው አዝኖለት ነው። ኢስሐቅ ግን ያን ቀን ምሳውን አልበላም።

ከደሴ እንደተመለሰ በቀጥታ ወደ ሞላ ቢሮ ገባ። ሞላ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ እንቅልፍ ያጣ የሚመስል ሰው ነው። ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰማው።

«ጋሽ ኢስሐቅ፣ እኔ የተረከብኩት ባዶ መደርደሪያ ነው» አለ። «የድሮው ሰነድ ሁሉ ታሽጎ አዲስ አበባ ሄዷል። ስለ ኢንሹራንስ ውል ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፤ ‹በመጣራት ላይ ነው› ይሉኛል። እጄ ላይ ያለው አንድ ወረቀት ብቻ ነው።» ከመሳቢያው አንድ ቃለ ጉባኤ አወጣ። «ይህ መጋዘኑ የተወረሰ ዕለት የተያዘ ነው። ላንብብልዎ? ‹ባለሀብቱ ለሠራተኛው ምንም ዓይነት የሕክምና ጥቅም ሰጥቶ አያውቅም። ይህንም የሠራተኛው ተወካይ አቶ ኢስሐቅ በጉባኤ ፊት መስክሯል።› ከሥሩም ያለው ያንቱ አውራ ጣት ነው።»

ኢስሐቅ ፊቱ ነደደ።

ያን ቀን አልረሳውም። ከወረዳ የመጡት ሰዎች ግቢው መሐል ቆመው፣ «ተናገሩ! ስለ በዝባዡ ተናገሩ!» ሲሉ ሠራተኛው ሁሉ ጫማ ጫማውን ያይ ነበር። በመጨረሻ ትልቅ ነው ብለው እሱን ገፉት። ሰዉ ሲያጨበጭብለት ጊዜ ምላሱ ከልቡ ቀደመ። «ታመን ዞር ብሎ አይቶን አያውቅም!» አለ። ይህን ሲናገር የሕክምና ካርዱ ደረት ኪሱ ውስጥ ነበር። ያ ካርድ ደግሞ እንዲሁ የተገኘ አልነበረም። በ1962 ሁለት ተሸካሚዎች ከቆዳው በያዛቸው አባ ሰንጋ በአንድ ሳምንት ሲሞቱ፣ ሠራተኛውን አስተባብሮ መጋዘኑን ሦስት ቀን ያስዘጋው ራሱ ኢስሐቅ ነው። የሕክምናው ኢንሹራንስ ውል የተፈረመው ያኔ ነው።

ወደ ቀበሌው ሄደ። ሊቀመንበሩ ገና ሳይቀመጥ፣ «ኢስሐቅ፣ አንተ ደመወዝተኛ ነህ። ይህ ወረቀት የዕለት ጉርስ ለሌለው ነው፤ ለአንተ ብሰጥ የማንን አፍ ነው የምዘጋው?» አለው። እውነቱን ነበር። ኢስሐቅ ከዚያ ሲወጣ ከሁለት ያጣ ጉሬዛ ሆነ፤ ለድሆቹ ሀብታም፣ ለሀብታሞቹ ድሃ።

ባለቤቱ መዲና የሆነውን ሁሉ ሰማች። ከዚያ፣ «አብሽር፣ አላህ አንዱን በር ሲዘጋ ሌላ አያጣም» አለችው። «ግን ያቺን የሠራተኛ ማኅበሩን ልጅ አማክራት። ወረቀት የምታነብ እሷ ናት።»

ሸፊቃ የመጋዘኑ ገቢና ወጪ መዝጋቢ፣ የማኅበሩም ጸሐፊ ናት። የተቀጠረችው ከውርሱ በኋላ ነው። በማግስቱ ረፋድ ላይ ኢስሐቅ የጨው ክምር አጠገብ አገኛትና ነገራት። ሄዳ አንድ ወፍራም ጥራዝ ይዛ መጣች።

«ይህ ባለፈው ወር ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጣ መመሪያ ነው ጋሼ። ጓድ ሞላ ለሁላችንም አንብቦልናል፤ ግን ሃያ ሁለት ገጽ ነው፣ ማን ልብ ይላል? እኔ ግን አስራ ዘጠነኛው ላይ ምልክት አድርጌበታለሁ። ይስሙ። ‹ሕጉ ከመለወጡ አስቀድሞ ሠራተኛው በውል ያገኘው ጥቅም ዘመኑ እስኪያበቃ ጸንቶ ይቆያል፤ የተወረሱት የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ግዴታም ወደ አዲሱ ድርጅት ተላልፏል፤ ይኸውም ውሉ በጽሑፍ ሲረጋገጥ ነው።›» ቀና አለች። «ሰሙ? ጸንቶ ይቆያል ነው የሚለው። አዲሱ ሕግ የእናንተን መብት አልነጠቀም። የጠፋው ወረቀቱ ነው።»

«ወረቀቱማ አዲስ አበባ ነው።»

«ውል ሲፈረም እኮ ሁለቱም ወገን ቅጂ ይይዛል። የኩባንያው ጠፋ፤ የመጋዘኑ ተወሰደ። ሐጂ ቤታቸው ያስቀሩት ቢኖርስ?»

ኢስሐቅ የወደቀ የጨው አንኳር አንሥቶ ወደ ክምሩ ወረወረ። ሸፊቃ መጋዘኑ የተወረሰ ዕለት ግቢው ውስጥ አልነበረችም፤ ምን እንደተናገረ አታውቅም። ዓመት ሙሉ ደሴ በወጣ ቁጥር ሐጂን እንዳያገኝ በፒያሳ ማለፍ ትቶ ዙሪያ ጥምጥም ሲሄድ እንደኖረም አታውቅም።

ሦስት ቀን አመነታ። በአራተኛው ቀን፣ ሐኪሙ ሊሄድ ስምንት ቀን ሲቀረው፣ መዲና ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጋ፣ «እፍረት ዓይን አይሆንህም፤ ሂድ!» ብላ ከቤት አስወጣችው።

አውቶቡሱ የሐረጎን ዳገት እየተጠማዘዘ ሲወጣ ጉም ወረደ። ለኢስሐቅ ለውጥ አልነበረውም፤ እሱ ጉም ውስጥ ከገባ ቆይቷል። ፒያሳ ወርዶ እየጠየቀ ሄደ። ሐጂ አብዱልወሀብ አያታቸው ከየመን መጥቶ ደሴ ላይ የከተመ፣ የነጋዴ ልጅ ነጋዴ ናቸው። ከመጋዘኑ፣ ከሁለቱ የጭነት መኪናዎችና ከሚከራዩት ቤቶች የቀረቻቸው አንዲት የክርና የአዝራር ሱቅ ናት። ኢስሐቅ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«አሰላሙ ዐለይኩም።»

«ወዐለይኩም ሰላም» አለ ከውስጥ የሚያውቀው ድምፅ። «ኢስሐቅ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ ሐጂ።»

«ግባ። ደፉ ያደናቅፍሃል፤ እግርህን አንሣ።»

ሐጂ ከስተዋል፤ ኢስሐቅ ይህን ያወቀው እጃቸውን ሲጨብጥ ነው። በርጩማ አቀረቡለት። ዓይኑን ጠየቁት፤ የመዲናን ደኅንነት ጠየቁት። ደግነታቸው አላስቀምጠው አለ። ብድግ ብሎ ጋቢውን አገለደመ።

«ሐጂ፣ ጉዳዬን ከመንገሬ በፊት አፉ ይበሉኝ። ያን ቀን በሰው ፊት ዋሽቻለሁ። ታመን አይተውን አያውቁም ብያለሁ። ካርድዎን በኪሴ ይዤ ነው ያልኩት።»

ሐጂ መደርደሪያው ላይ ያሉትን የክር ጥቅሎች ያስተካክሉ ጀመር። አንዲት ሴት ነጭ ክር ልትገዛ ገብታ ወጣች።

«ነግረውኛል» አሉ በመጨረሻ። «ወላሂ መጋዘኑን ከወሰዱብኝ ይልቅ ያ ነገር አሞኝ ነበር። ኋላ ግን ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ያን ውል እኔ ሰጠኋችሁ ብዬ መናገር እችላለሁ? ሦስት ቀን በሬን ዘግታችሁ ነው ያስፈረማችሁኝ። ሁለት ሰው እስኪሞት ድረስ አልሰጠሁም ነበር። አንተ ዋሸህ፤ እኔ ዘገየሁ። አላህ ለሁለታችንም አፉ ይበለን።» ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «በል ተቀመጥ። ምን ቸገረህ?»

ነገራቸው። ሐጂ እየሰሙ ጢማቸውን ይዳብሱ ጀመር።

«ቅጂው አለ» አሉ። «እስከ ሰኔ ሠላሳ 1968 የተከፈለበት ነው፤ በየሁለት ዓመቱ ቀድሜ ነበር የምከፍለው። ግን ኢስሐቅ፣ የመጋዘኑን ወረቀት በሙሉ አስረክቤያለሁ ብዬ ፈርሜያለሁ። ያ ውል ቤቴ ተገኘ ማለት ሰነድ ደብቋል ማለት ነው። ለዚህ ሰው የሚታሰርበት ዘመን ነው።»

«እንግዲያስ ይቅር» አለ ኢስሐቅ ወዲያው። «እኔ መንገዴን አያለሁ። እርስዎን አሳስሬ የማገኘው ዓይን ምን ያሳየኛል?»

«ለምንድን ነው የደበቅኩት ብለህ አትጠይቀኝም?»

«ለምን?»

«ውሉ ውስጥ የሠላሳ ስምንት ሰው ስም አለ። አንድ ቀን አንዱ ይመጣል ብዬ ነው።» ሐጂ ተነሡ። «ወረቀቱ ብቻውን ከሄደ ከየት መጣ ተብሎ አንተን ይይዙሃል። እኔ ይዤው ከሄድኩ ግን ሰነዱን የመለሰ ሰው እሆናለሁ። ነገ ጧት አብሬህ እወርዳለሁ። ዛሬ እዚሁ እደር።»

በማግስቱ ሁለቱ ሽማግሌዎች ከአውቶቡስ ወርደው በመጋዘኑ በር ሲገቡ ተሸካሚዎቹ የያዙትን ጥለው ቆሙ። ሐጂ አብዱልወሀብ ግቢውን የረገጡት ከዓመት በኋላ ነው። ሞላ ከቢሮው ወጣ፤ ሐጂን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

«እርስዎ እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

ሐጂ አፋቸውን ሳይከፍቱ ኢስሐቅ ቀደመ። «ጓድ ሞላ፣ እኔ ነኝ ያመጣኋቸው። ሠራተኛውን ሰብስቡልኝ። በሰው ፊት የተናገርኩትን በሰው ፊት ላነሣ ነው።»

ሞላ አመነታ። ሠራተኛው ግን ጥሪ አልጠበቀም፤ ከጨው ክምሩም ከሚዛኑም እየተነሣ መጣ። ኢስሐቅ በዚያ የፊት ብዛት መሐል ያየው ጥላ ብቻ ነው፤ ምናልባት ያ ሳይሆን አይቀርም ልብ የሰጠው።

«አምና እዚህ ቆሜ ሐጂ ታመን አይተውን አያውቁም ብያለሁ» አለ። «ሐሰት ነው። እኔም ታክሜያለሁ፤ ብዙዎቻችሁ ታክማችኋል። ሐጂ ወደው አልሰጡንም፤ እኛ ነን ተሟግተን ያገኘነው፤ ሁለት ወንድሞቻችንን ቀብረን ያገኘነው። እኔ አላገኘንም ያልኩ ቀን የእነሱን ሞት ነው ከንቱ ያደረግኩት። ቃለ ጉባኤው ላይ ያለው አውራ ጣት የእኔ ነው። ይኸው ዛሬ አነሣሁት። ለዚህ የምቀጣው ካለ እኔ እቀጣለሁ።»

ማንም አላጨበጨበም። ከኋላ አንዲት ጨው ነስናሽ ሴት፣ «እውነቱን ነው! ባሌ በዚያ ካርድ ነው ሳንባው የዳነ!» አለች። ሌላው «እኔም» አለ። ሌላውም።

ሐጂ ከካባቸው ውስጥ ፖስታውን አውጥተው ለሞላ ሰጡት። «በርክክቡ ጊዜ የቀረ ሰነድ ነው። ዘግይቻለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሞላ ውሉን ቆሞ አነበበው፤ ገልብጦም አነበበው። ሁሉም የሞላን እጅ ያይ ነበር። ይህ ሰው አንዲት ቃል ቢናገር ሐጂ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ይሄዳሉ፤ አንዲት ቃል ቢያጎድል ደግሞ ራሱ «የበዝባዥ ወዳጅ» ተብሎ ይከሰሳል። ወረቀቱን አጥፎ ሸፊቃን ጠራት።

«ጻፊ» አላት። «‹የቀድሞው ባለንብረት በርክክብ ጊዜ ያልተካተተ አንድ ሰነድ በገዛ ፈቃዳቸው፣ በሠራተኛው ፊት ገቢ አድርገዋል።› ቀኑን ጻፊና ሠራተኛው ሁሉ ይፈርምበት። ሐጂ፣ እርስዎም ይፈርሙና በሰላም ይግቡ።»

ከዚያ ስልክ ላይ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ ስልክ ማግኘት ራሱ አንድ ሥራ ነው። መስመሩ እየተቆረጠ፣ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እያስተላለፉት፣ ሁለት ቀን ሙሉ «ሃሎ! ሃሎ!» ሲል ዋለ። ሸፊቃ መመሪያውን አስራ ዘጠነኛው ገጽ ላይ ከፍታ ፊቱ አኖረችለት። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አዲሱ የኢንሹራንስ ድርጅት ውስጥ አንድ የድሮውን መዝገብ የሚያውቅ ሰው ተገኘ። የውሉን ቁጥር አስነግሮ፣ ቆይ ብሎ ሄዶ፣ ተመልሶ መጣ። ቁጥሩ አለ። ክፍያው እስከ ሰኔ ተከፍሏል። «ውሉ በእኛ ላይ ጸንቷል፤ ሕመምተኛው ይታከም» አለ። «በጽሑፍ ማረጋገጫው በፖስታ ይደርስዎታል።»

«ፖስታው መቼ ይደርሳል?» አለ ሞላ።

«አሥር ቀን፣ አሥራ አምስት ቀን።»

ሐኪሙ የሚሄደው ከአምስት ቀን በኋላ ነው። ሞላ ስልኩን ዘጋ። ከዚያ የዋስትናውን ደብዳቤ በራሱ ፊርማ፣ በመጋዘኑ ማኅተም ጻፈው። «ማረጋገጫው ካልመጣ ተጠያቂው እኔ ነኝ» አለ ለሸፊቃ። «አንቺ ግን ይህን ለጋሽ ኢስሐቅ እንዳትነግሪው። ለቀዶ ሕክምና የሚተኛ ሰው ጭንቀት አያስፈልገውም።» ሸፊቃ ግን ለመዲና ነገረቻት፤ መዲናም ለኢስሐቅ። ቅዳሜ ማለዳ ኢስሐቅ ወደ ደሴ ከመሄዱ በፊት በሞላ ቤት በኩል ዞሮ ሄደ። በሩን አንኳኩቶ፣ «አላህ ያክብርዎ» ብሎ ብቻ ተመለሰ።

ቀኝ ዓይኑን ሰኞ ሠሩት። ሐኪሙ ፋሻውን ሲፈታ መዲና አልጋው ጫፍ ተቀምጣ ነበር። መጀመሪያ ብርሃኑ ወጋው። ቀስ በቀስ ግን የግድግዳው ስንጥቅ፣ የብርድ ልብሱ ቀይ መስመር፣ ከዚያ የሚስቱ ፊት መጣ።

«መዲና» አለ፣ «መቼ ነው እንዲህ ያረጀሽው?»

«አንተ ሳታይ» አለችና ሳቀችም፣ አለቀሰችም።

ወፍራም መነጽር ታዘዘለት። ማረጋገጫው በአሥራ ሁለተኛው ቀን በፖስታ መጣ፤ ሞላም ደብዳቤውን ሲከፍት ወንበሩ ላይ ተዘርግቶ በረጅሙ ተነፈሰ። ሐጂ አብዱልወሀብ በጉዳዩ ሁለት ጊዜ ተጠርተው ተጠየቁ፤ አርባ ሰባት ፊርማና አውራ ጣት ያለበት ወረቀት ፊት ለፊት ስላለ ሁለቱንም ጊዜ በሰላም ገቡ።

ነገሩ በዚያ አላለቀም። ውሉ የሸፈነው ስማቸው ያለበትን ሠላሳ ስምንት ሰዎች ነው። ከውርሱ በኋላ የተቀጠሩት፣ ሸፊቃን ጨምሮ፣ አልተጻፉበትም። ሰኔ ሠላሳ ሲመጣም ለሁሉም ያበቃል። ስለዚህ በመጋቢት ማኅበሩ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር አዲስ ስምምነት ለመደራደር ሦስት ሰው ሲመርጥ አንደኛው ኢስሐቅ ሆነ። ድርድሩ ሁለት ወር ፈጀ። ሞላ ከወዲያ ማዶ ተቀምጦ አንዳንዱን እሺ፣ አንዳንዱን አይሆንም ይል ነበር። ኢስሐቅም አልለቀቀውም፤ ዋስትና ስለጻፈልኝ ልታዘዝለት አላለም፤ ሞላም አልጠበቀበትም። ለአዲሶቹ ሠራተኞች ሕክምናው ተፈቀደ። የቀን ሠራተኞች የሆኑት ጨው ነስናሾች ግማሹን አገኙ፤ ለተላላፊ በሽታና በሥራ ላይ ለሚደርስ አደጋ ብቻ። የትዳር ጓደኛና ልጆች የሚለው አንቀጽ አልተፈቀደም።

ሲፈራረሙ ሸፊቃ ለኢስሐቅ ብዕር አቀበለችው። በእነዚያ ሁለት ወራት ፊደል ታስቆጥረው ነበርና፣ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ፣ መነጽሩን አስተካክሎ፣ ገና ባልተፍታቱ ጣቶቹ ስሙን አንድ በአንድ ጻፈ።

«የትዳር ጓደኛውን አንቀጽ ምን እናድርገው ጋሼ?» አለችው ሲወጡ።

«ቀኑን መዝግቢልኝ» አለ። «መስከረም ላይ እንደገና ለድርድር እንገባለን።»